‘የቶከን ባልዲ’፦ ራውተሮች ድንገተኛ የመረጃ ጎርፍን የሚያሳልፉትና የሚጥሉት እንዴት ነው?

በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው ወድ ኤል ሒለው በሰቲት ወንዝ አቅራቢያ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ድንበር ብዙም ሳትርቅ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወንዙን ኢትዮጵያውያን ተከዜ ይሉታል። አካባቢው ለአሥርት ዓመታት ስደተኞችን ሲቀበል ኖሯል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተቀሰቀሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሰደዱ፣ ብዙዎቹ ወንዙን ተሻግረው በሐምዳይት በኩል ነበር የገቡት። በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር የቤተሰብን ድምፅ መስማት ለብዙዎች ትልቁ ጭንቀት ሆኖ ቆየ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሱዳን ውስጥ ፈነዳ። በጥር 2016 ዓ.ም. የአገሪቱ ዋና ዋና የስልክ ኩባንያዎች አገልግሎት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በተቋረጠ ጊዜ፣ ብዙ ሱዳናውያን በስታርሊንክ የሳተላይት መስመር ዙሪያ ተሰብስበው፣ አንዳንዴም በሰዓት እየከፈሉ፣ ኢንተርኔትን በጋራ ለመጠቀም ተገደዋል።

አንድን ጠባብ መስመር ብዙ ሰው ሲጋራው አንድ ጥያቄ ይነሳል። ለረጅም ሰዓት ጸጥ ብሎ የቆየ መስመር፣ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲከፍቱት ለጥቂት ቅጽበት ፈጥኖ ወዲያው የሚንቀራፈፈው፣ የስልክ ጥሪም የሚቆራረጠው ለምንድን ነው? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በራውተሮች ውስጥ የሚሠራ፣ ‘የቶከን ባልዲ’ የተሰኘ ቀላል ደንብ ነው።

ባልዲው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በኢንተርኔት የሚላክ ማንኛውም ነገር፣ ድምፅም ይሁን ፎቶግራፍ፣ ‘ፓኬት’ በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። የአገልግሎት አቅራቢው ራውተር ደንበኛው ከተዋዋለው ፍጥነት በላይ እንዳይልክ ወይም እንዳይቀበል ይቆጣጠራል። ይህ ቁጥጥር በሙያው ቋንቋ ‘ፖሊሲንግ’ ይባላል።

ባልዲው መረጃውን ራሱን አይዝም። የሚይዘው ‘ቶከን’፣ ማለትም የይለፍ ኩፖን ነው። ኩፖኖቹ በውሉ ፍጥነት ልክ ሳያቋርጡ ወደ ባልዲው ይገባሉ። አንድ ፓኬት ሲደርስ ራውተሩ በፓኬቱ መጠን ልክ ኩፖን ከባልዲው ቀንሶ ያሳልፈዋል። በቂ ኩፖን ከሌለ ፓኬቱ ይጣላል፤ ወይም እንደ ውሉ ዓይነት ምልክት ተደርጎበት ያልፋል። ወረፋ ይዞ የሚጠብቅበት ቦታ ግን የለውም።

ባልዲው ከሞላ በኋላ የሚጨመር ኩፖን ፈስሶ ይቀራል። ስለዚህ ደንበኛው ዝም ባለበት ጊዜ የሚያጠራቅመው መብት ገደብ አለው። ለአንድ ሰዓት ያረፈም ሆነ ለአንድ ቀን ያረፈ፣ ሲመለስ የሚያገኘው አንድ ሙሉ ባልዲ ብቻ ነው።

ድንገተኛው ጎርፍ ሲመጣ

በምሳሌ እንየው። በአንድ የጋራ መስመር ላይ የተፈቀደው ፍጥነት 2 ሜጋቢት በሰከንድ ነው እንበል። ይህም በሰከንድ 250,000 ባይት ማለት ነው። አንድ ኩፖን ለአንድ ባይት ይቆጠር፤ የባልዲው መጠንም 250,000 ኩፖን ይሁን።

መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ ስለቆየ ባልዲው ሞልቷል። በዚህ መሐል አንድ ሰው 1 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ ላከ፤ ፓኬቶቹም በ10 ሜጋቢት በሰከንድ ፍጥነት ራውተሩ ላይ ደረሱ። ለመጀመሪያው ሩብ ሰከንድ አንድም ፓኬት አይጣልም። ፍሰቱ ከተፈቀደው አምስት እጥፍ ቢሆንም የተጠራቀመው ኩፖን ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ባልዲው ባዶ ይሆናል። ከዚያ ቅጽበት አንሥቶ የሚያልፈው አዲስ በሚገባው ኩፖን ልክ ብቻ ነው፤ ፍሰቱ በዚያው ፍጥነት ከቀጠለ ከአምስት ፓኬት አራቱ ይጣላሉ።

ከዚህ አንድ ቀላል ሕግ ይወጣል። በማንኛውም የጊዜ ርዝመት ውስጥ ሊያልፍ የሚችለው ከፍተኛው መጠን አንድ ሙሉ ባልዲና በዚያ ጊዜ ውስጥ የገባው ኩፖን ድምር ነው። በምሳሌያችን በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ2,750,000 ባይት በላይ አያልፍም። ባልዲው ለአጭር ጊዜ መጣደፍን ይፈቅዳል፤ በረጅም ጊዜ ግን አማካዩን ፍጥነት ያስከብራል።

ግድብና ባልዲ አንድ አይደሉም

ከወድ ኤል ሒለው ብዙ ሳይርቅ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ይገኛል። ግድቡ የክረምቱን ጎርፍ ራሱን ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል። በራውተር ዓለም ይህን የሚመስለው ‘ሼፒንግ’ ነው፦ ከልክ በላይ የመጣውን ፓኬት ወረፋ አስይዞ በኋላ ይልከዋል። ዋጋው መዘግየት ነው።

የፖሊሲንግ ባልዲ ግን ግድብ የለውም። ትርፉን ስለማያቆይ መዘግየት አይጨምርም፤ ራውተሩም ብዙ ማኅደረ ትውስታ አያስፈልገውም። ዋጋው የፓኬት መጥፋት ነው። የጠፋው ፓኬት የፋይል ከሆነ ላኪው ኮምፒውተር እንደገና ይልከዋል፤ የቀጥታ ድምፅ ከሆነ ግን ደግሞ ቢላክም ጊዜው አልፏል።

የባልዲው መጠን ለምን ወሳኝ ሆነ?

ሁለት ደንበኞች እኩል 2 ሜጋቢት በሰከንድ ገዝተው፣ የባልዲያቸው መጠን ከተለያየ የሚያገኙት አገልግሎትም ይለያያል።

ባልዲው 1,500 ባይት ብቻ ቢሆን አንድ ትልቅ ፓኬት ይሞላዋል። ተከታትለው ከደረሱ ሁለት ፓኬቶች ሁለተኛው ይጣላል፤ አማካዩ ፍሰት እጅግ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ። አብዛኛውን የኢንተርኔት ልውውጥ የሚመራው ‘ቲሲፒ’ የተባለው ሥርዓት ደግሞ ፓኬት ሲጠፋ መስመሩ እንደተጨናነቀ ቆጥሮ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደንበኛው የከፈለበትን 2 ሜጋቢት ሳያገኝ ይቀራል።

ባልዲው እጅግ ትልቅ ቢሆንም ሌላ ችግር አለ። 10 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ ባልዲ ለ10 ሰከንድ ያህል በ10 ሜጋቢት ፍጥነት ያስልካል። ላኪው ሰፊ መስመር ያገኘ መስሎት ይፈጥናል፤ ባልዲው ባዶ ሲሆን ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ፓኬት ይጠፋል። የጎግል መሐንዲሶችና ባልደረቦቻቸው እ.አ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ፓኬት ከጠፋባቸው የመረጃ ልውውጦች መካከል እንደየአካባቢው ከ2 እስከ 7 በመቶ የሚሆኑት በፖሊሲንግ የተገደቡ መሆናቸውን አመልክተዋል። በእነዚህ ላይ የፓኬት መጥፋት መጠን ካልተገደቡት በአማካይ ስድስት እጥፍ ነበር።

በመካከል የሚገኝ ልማዳዊ መለኪያም አለ። የራውተር አምራቹ ሲስኮ ለአንድ የፖሊሲንግ ዘዴው፣ ባልዲው በተፈቀደው ፍጥነት የአንድ ሰከንድ ተኩል ፍሰት እንዲይዝ መክሯል። ለ2 ሜጋቢት መስመር ይህ 375,000 ባይት ይሆናል።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ

እ.አ.አ. በ1999 የኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች ሁለት ባልዲ የሚጠቀሙ አሠራሮችን በሰነድ አስቀመጡ። በአንደኛው አሠራር ከመጀመሪያው ባልዲ የተረፈው ኩፖን ወደ ሁለተኛው ይገባል። በመጀመሪያው ባልዲ ኩፖን ያለፈ ፓኬት አረንጓዴ፣ በሁለተኛው ያለፈ ቢጫ፣ በሁለቱም ያጣ ቀይ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ይጣላል። ቢጫው ያልፋል፤ ወደፊት መጨናነቅ ካጋጠመ ግን ከአረንጓዴው ቀድሞ የሚጣለው እርሱ ነው።

የስልክ ጥሪው እንዳይቆረጥ

ጂ.711 በተባለው የቆየ የድምፅ መለኪያ የሚተላለፍ የኢንተርኔት ጥሪ በሰከንድ 50 ትናንሽ ፓኬቶችን ይልካል፤ በጠቅላላው 80 ኪሎቢት ገደማ ነው። ፍሰቱ ቀስ ያለና የተስተካከለ ስለሆነ ብቻውን ቢሆን ባልዲውን አያራቁተውም። ችግሩ የሚመጣው ከቪዲዮና ከፋይል ጋር አንድ ባልዲ ሲጋራ ነው። ሌላው ሰው ኩፖኑን በቅጽበት ይጨርሰዋል፤ ምንም ያላበዛው ደዋይ ድምፁ ይቆራረጥበታል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ለድምፅ የራሱን ባልዲ መስጠት፣ ወይም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ባልዲ ማበጀት ነው። ሁለተኛው መስመሩን የሚያስተዳድረው ሰው በራሱ ራውተር ላይ የሚላከውን ፍሰት ከተፈቀደው ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ ለምሳሌ በ1.9 ሜጋቢት፣ በሼፒንግ መገደብና ድምፅን ከወረፋው ማስቀደም ነው። ያን ጊዜ ፍሰቱ አቅራቢው ዘንድ የሚደርሰው ተስተካክሎ ስለሆነ ባልዲው ባዶ አይገኝም።

ባልዲው ጠባቡን መስመር አያሰፋም። የሚወስነው በጠባቡ መስመር ላይ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚቀር ነው። ስለዚህ መስመር የሚከራይ ተቋም ወይም ማኅበረሰብ አቅራቢውን ሁለት ቁጥሮች ሊጠይቅ ይገባል፦ ፍጥነቱ ስንት ነው? ባልዲውስ ስንት ይይዛል? የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ በማስታወቂያው ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ጠያቂ ይፈልጋል።