መድፉ ቀረ፤ ደንገሉ በሰበሰ

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የተዉልን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም ይታያል። በ1858 ዓ.ም. በጣና ላይ በእንፋሎት መርከብ አምሳል ያሠሯቸው ታላላቅ ታንኳዎች ግን የሉም። አምሳያቸውን ለመሥራት የሚነሣ ባለሙያ ስለ ወለላቸው ማንን ይጠይቅ?

አንዱ ምስክር በንጉሡ እጅ ታስሮ የቆየው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው። እንደ ጻፈው፥ አካላቸው ደንገል፣ ወለላቸው ሳንቃ ነበረ፤ መንኰራኵሮቻቸውም እንደ ስለት መሳያ ድንጋይ በእጀታ ይዞሩ ነበር። ሳንቃው ከደንገሉ ጋር እንዴት እንደ ተጋጠመ ለማወቅ ግን ወደ ሠሪው እጅ መሄድ ይገባል።

ከዱርቤቴ ተነሥቼ ጣና ዳር የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪዎችን የጎበኘሁት ስለዚህ ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውኃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። በእንዲህ ያለ ነዶ ላይ ምስማር አይጸናም። ስለዚህ አምሳያ ሠሪው ሳንቃውን በገመድ ቢጠፍር ከእውነቱ የሚርቅ አይመስለኝም።

መድፍ ያለ ጠባቂም ዘመን ይሻገራል። የደንገል ታሪክ ግን የሚኖረው በሚያስረው እጅ ብቻ ነው። መምህራን ሆይ! እጁ ሳይታጠፍ ተማሪዎቻችሁን ወደዚያ ውሰዱ።