በአንድ መስመር ላይ የተጣለ እምነት፦ ከአሮጌ የስፖርት መኪና ፍሬን የሚነበብ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በእንግሊዟ አቢንግደን ከ5 መቶ ሺህ በላይ ኤም ጂ ቢ የተባሉ የስፖርት መኪናዎች ተሠርተዋል። ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ አትላንቲክን ተሻግረው በአሜሪካ ተሸጡ። ዛሬ ከእነዚህ መኪናዎች አንዱን የሚጠግን ሰው ደጋግሞ የሚገጥመው እንቆቅልሽ አለ፦ የፍሬኑን ዘይት ቀይሮ፣ አየሩን አስወጥቶ ሲጨርስ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ ሥራውን ቢደግመውም ለውጥ የለም። ነገሩ የጋራዥ ጣጣ ይምሰል እንጂ፣ ከበስተጀርባው የቴክኖሎጂና የሕግ ታሪክ አለ።

በመጀመሪያዎቹ የመኪና ዘመናት ፍሬን የሚሠራው በዘንግና በሽቦ ነበር። ኃይሉ ለአራቱም ጎማ እኩል ስለማይደርስ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትት ነበር። መፍትሔው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ከፓስካል ሕግ ተቀዳ፦ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። ማልኮም ሎክሂድ ይህን ሐሳብ ወደ መኪና አመጣው። በ1921 ዱዘንበርግ፣ በ1924 ደግሞ ክራይስለር በአራቱም ጎማ ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ይዘው ቀረቡ። ፎርድ ግን እስከ 1939 ሞዴሎቹ ድረስ በአሮጌው ዘዴ ጸና።

የፎርድ ጥርጣሬ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አልነበረም። በዘይት የሚሠራው ፍሬን ሙሉ ብቃቱ የተንጠለጠለው በአንድ ግምት ላይ ነው፤ ይኸውም በቱቦው ውስጥ ከፈሳሽ በቀር ምንም የለም የሚል ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም ማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይታመቃል። ጥቂት የአየር አረፋ ከገባ የእግር ኃይል ጎማው ዘንድ ከመድረሱ በፊት አረፋውን በማመቅ ይባክናል። ተራው የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መስፈርቱ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ፣ እንፋሎቱም እንደ አየር ይታመቃልና ፍሬኑ እምቢ ይላል።

ከዚህ የከፋው አደጋ የመስመሩ አንድ መሆን ነበር። በነጠላ መስመር በተሠራ መኪና አንድ ቱቦ ሲፈነዳ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው፣ ማለትም የፊቱንና የኋላውን መስመር መለየት፣ የታወቀ ነበር። በ1962 ሞዴሎቻቸው ላይ ቅንጡው ካዲላክም፣ ቆጣቢ መኪናዎችን የሚሸጠው አሜሪካን ሞተርስም ይህንኑ ተግብረዋል። ሀብታሙም ቆጣቢውም ከቻሉት እንግዲህ፣ ሌሎቹን የያዛቸው የዋጋ ውድነት ብቻ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ይልቁን ገዢው የማያየውን ነገር ገበያው አይከፍልበትም፤ የመጠባበቂያ መስመር ወጪው ዛሬ ይከፈላል፣ ጥቅሙ ግን የሚታወቀው ቱቦ በፈነዳባት አንዲት ቀን ነው።

ክፍተቱን የሞላው ሕግ ነው። የራልፍ ኔደር መጽሐፍ በ1965 የሕዝቡን ትኩረት ወደ መኪና ደኅንነት ከሳበ በኋላ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1966 የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ አወጣ። ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮም አዳዲስ የቤት መኪናዎች በተከፈለ የፍሬን መስመር እንዲሠሩ ግዴታ ሆነ። በአቢንግደን ለአሜሪካ ገበያ የሚመረተው ኤም ጂ ቢም በዚሁ መሠረት ተለወጠ።

ሆኖም መፍትሔ ሁሉ የራሱን ጣጣ ይወልዳል። አዲሱ ሥርዓት ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ግፊት ሲያጣ መብራት የሚያበራ መሣሪያ ነበረው፤ በውስጡም ግፊት ወደቀነሰበት ወገን የሚንሸራተት ትንሽ ፒስተን አለ። አየር ለማስወጣት አንዱ መስመር ሲከፈት ፒስተኑ ብልሽት ያለ መስሎት ይሸሻል፤ መብራቱም ሥራው ካለቀ በኋላ ሊበራ ይችላል። ለደኅንነት የተሠራው ምልክት ጠጋኙን የሚያሳስተው እንዲህ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የላላ ፔዳል አንድ ምልክት ሲሆን ሥሩ ግን ብዙ ነው። ፔዳሉ ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ፣ ወይ አየር ቀርቷል፣ ወይ የኋላው ታምቡር ሸራ ከመጠን በላይ ርቋል፤ ሁለተኛው ከሆነ ማስተካከያውን ማጥበቅ እንጂ ዘይት መጨመር አይፈይድም። እግር ሳይነሳ ፔዳሉ በዝግታ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ወደ ውጭ የሚፈስ ዘይትም ካልታየ፣ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ ይጠረጠራል። አሮጌ ፔዳልን እስከ ወለሉ መርገጥ ራሱ ጎሚኒውን ዝገት ባለበት ቦታ አሽቶ ሊቀድደው ይችላል። የግራና የቀኝ ካሊፐሮች ተቀያይረው ከተገጠሙ ደግሞ ማስወጫው ከታች ስለሚውል፣ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ምንም ያህል ዘይት ቢፈስ አይነቀልም።

ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ ዘይት የሚያፈስ ጠጋኝ ሠራተኛ ይመስላል፤ የሠራው ግን ምልክቱን ማከም ነው። በበጀት የሚያዝዙ ተቋማትም ከዚህ ብዙ አይርቁም፦ ግፊቱ የት እንደጠፋ ሳይለዩ ገንዘብ ያፈሳሉ፣ መብራቱ ሲጠፋም ችግሩ ተፈታ ይላሉ። የ1968ቱ ድንጋጌ ያተረፈው፣ ቱቦ አይፈነዳም ብሎ ከማመን ይልቅ እንደሚፈነዳ ቆጥሮ መሥራትን ግዴታ በማድረጉ ነው።