ከድምፅ ወደ ጽሑፍ

ከዳሞታ ተራራ ራስ በላይ አይሮፕላን ሲያልፍ የሶዶ ልጅ ሁሉ አንጋጦ ያያል። እኔም እንዲሁ እያየሁ አደግሁ፤ ነገር ግን አብራሪው በዚያች ሰዓት ከማን ጋር እንደሚነጋገር ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፥ በዓለም ላይ ሩቅ የሚሄዱ ብዙ አይሮፕላኖች ገና የሞርስ ፊደል የሚመታ ልዩ ሠራተኛ ይዘው ይጓዙ ነበር። እንግዲህ ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የሚነገርለት በጽሑፍ መልእክት መነጋገር፥ ከራዲዮ ድምፅ በዕድሜ የሚበልጥ ነው ማለት ነው።

ድምፅ ግን ጉድለት አለው፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ጃምቦ አይሮፕላኖች በጉም ውስጥ በአንድ መንደርደሪያ ላይ ነበሩ። ተቆጣጣሪው አንደኛውን ቆይ ሲል፥ ሁለተኛው ደግሞ ገና ከመንደርደሪያው አለመውጣቱን ሲናገር፥ ቃላቸው ተደራርቦ በፉጨት ታወከ። ለአደጋው ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ የሞቱት ሰዎች ግን 583 ናቸው።

የጽሑፉ መልእክት እ.ኤ.አ. በ1995 በደቡብ ፓስፊክ በሚበሩ ቦይንግ 747-400 አይሮፕላኖች ሥራ ጀመረ። ተቆጣጣሪው ከተዘጋጁት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን መርጦ፥ ለምሳሌ ወደ 35,000 ጫማ ውጣ ብሎ ይልካል፤ ቃሉ በሳተላይት ወይም በራዲዮ ሞገድ ተጉዞ በአብራሪው ስክሪን ላይ ይታያል፤ አብራሪውም አንብቦ «እፈጽማለሁ» ወይም «አልችልም» የሚለውን ይጫናል። አየር መንገዳችን በ2004 ዓ.ም. የተረከበው ድሪምላይነር ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ከወላይትኛ ወደ አማርኛ፥ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገርን እኛ ተማሪዎች፥ የአነጋገር ቅላፄ ምን ያህል እንደሚያደናግር እናውቃለንና የዚህ ጥቅም አይጠፋንም።

በአፍሪካ ሰማይ የምድር ራዲዮ በደንብ የማይሰማባቸው ሰፊ ቦታዎች በመኖራቸው፥ አብራሪዎች በ126.9 ሜጋኸርዝ ያሉበትን ቦታና ከፍታ እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ሥርዓት ወጥቶላቸዋል። ይህ ለእኔ ከመሣሪያው ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው፤ በጨለማ መንገድ «እኔ ነኝ» እያሉ እንደ መሄድ ነውና። በጽሑፍ የተላከውን ቃል ግን የሚያየው ተቀባዩ ብቻ ነው፤ በአቅራቢያው የሚበር ሌላ አብራሪ አይሰማውም። መልእክቱም አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል፤ ስለዚህ አስቸኳይ ነገር እስከ ዛሬ የሚነገረው በድምፅ ነው። የቴኔሪፎቹም ሁለት አይሮፕላኖች ለመነሣት መንደርደሪያ ላይ ስለ ነበሩ፥ ይህ መሣሪያ ቢኖራቸው እንኳ ባልረዳቸው ነበር።