ከባሕር የሚገኙ ተፈጥሯዊ ውህዶችና ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት

ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ቆሽት ለዓመታት በተደጋጋሚ እየተቆጣ ጤናማ ሥጋው በጠባሳ የሚተካበት፣ ወደ ነበረበት የማይመለስ ሕመም ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አካል ሲሆን ሁለት ሥራ አለው። ምግብ የሚያልሙ ኢንዛይሞችን ወደ ትንሹ አንጀት ያፈሳል፤ ኢንሱሊንን ደግሞ ወደ ደም ይለቃል። ሕመሙ ሲገፋ ሁለቱም ይጓደላሉ። የበሉት ቅባት ሳይልም ይወጣል፣ ውሎ አድሮም የስኳር በሽታ ይከተላል። የጠባሳውን መስፋፋት እንደሚያስቆም በሰው ላይ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም። ከባሕር አልጌ፣ ስፖንጅ፣ ዓሣና ቀንድ አውጣ የሚወጡ ውህዶች ለዚህ ሕመም የሚጠኑትም ስለዚህ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተጠቀሰ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከባሕር ወደ ሐኪም ቤት

የባሕር በር ለሌላት አገር ጉዳዩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባው ጌጃ ሰፈር ተነስቶ እዚያው ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባሉት ጥቁር አንበሳ ወይም ባልቻ ሆስፒታል የተኛ ሰው፣ ዘሩ ከባሕር የሆነ መድኃኒት ሳያውቀው ተወግቶ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እጅግ ከሚታዘዙት የመርፌ አንቲባዮቲኮች አንዱ ሴፍትሪአክሶን ነው። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ መነሻ የሰርዲኒያዋ ካልያሪ ከተማ የባሕር ዳርቻ ናት። ጁሴፔ ብሮትዙ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም የከተማዋ ፍሳሽ በሚገባበት ባሕር የሚዋኙ ወጣቶች በታይፎይድ አለመያዛቸው ገርሞት፣ በ1945 ከፍሳሹ መውጫ ውሃ ቀድቶ ባክቴሪያ የሚገድል ሻጋታ አገኘ። ኦክስፎርድ የነበሩት ኤድዋርድ አብርሃምና ጋይ ኒውተን ከዚያ ሻጋታ ሴፋሎስፖሪን ሲን ለዩ፤ ሴፍትሪአክሶን ከዚሁ መሠረት በቤተ ሙከራ ተሻሽሎ የተሠራ ልጁ ነው። ሻጋታው የባሕሩ ተወላጅ ይሁን የፍሳሹ እንግዳ ማከራከሩ አልቀረም።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ የጠራ ነው። ቬርነር በርግማን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፍሎሪዳ ባሕር የተሰበሰበ ስፖንጅ መርምሮ ያልተለመደ ስኳር የያዙ ኑክሊዮሳይዶች አገኘ። የእነሱን አሠራር ተከትሎ የተቀመመው ሳይታራቢን በ1969 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዛሬም የአጣዳፊ ደም ካንሰር ሕክምና ምሰሶ ነው። ቆሽት ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም።

ሕመሙ በኢትዮጵያ

ዋናው ምልክት ከደረት በታች ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ነው። በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፣ ወደፊት ጎንበስ ሲሉ ትንሽ ፋታ ይሰጣል፣ ቅባት ከበሉ በኋላ ይቀሰቀሳል። በእኛ አገር ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ስለሚባል ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ፋርማሲ ነው፤ ኦሜፕራዞል ገዝተው፣ ሲብስ ቀይረው ይቆያሉ። ሰገራው ቅባት አዝሎ፣ ሸትቶ፣ ውሃ ላይ ተንሳፎ አልወርድ ማለት ሲጀምር ግን ነገሩ ጨጓራ አይደለም። በዚህ ጊዜ ከቆሽት ኢንዛይም የማምረት አቅም አብዛኛው ጠፍቷል።

ከመንስኤዎቹ ቀዳሚው ለረጅም ጊዜ በብዛት የሚጠጣ አልኮል ነው፤ አረቄ ከቢራ የሚለየው በጥቂት መለኪያ ብዙ አልኮል በማስገባቱ ብቻ ነው። ሲጋራ ራሱን የቻለ መንስኤ ሲሆን ከመጠጥ ጋር ሲጣመር ጉዳቱ ይፈጥናል። በዘር የሚወረስም አለ። በ1996 የእነ ዴቪድ ዊትኮምብ ቡድን ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ያለ ቦታው ሲነሳ መልሶ እንዳይጠፋ የሚያደርግ የዘር ለውጥ አገኘ። ሃንስ ኪያሪ በ1896 ቆሽት ራሱን ያልማል ሲል ያቀረበው ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ በዘረ መል ተደገፈ ማለት ነው።

በሞቃት አገሮች ደግሞ ያልጠጡ፣ ያላጨሱ ወጣቶችን የሚይዝና ቆሽት ውስጥ ጠጠር የሚፈጥር ዓይነት አለ። ይህን ዙይዴማ የተባለ ሐኪም በ1959 በኢንዶኔዥያ ከምግብ እጥረት ጋር አያይዞ ገልጾታል። በደቡብ ሕንድ ካሳቫ ተጠርጥሮ ነበር፤ ኋላ ግን የዘር ተጋላጭነት የበለጠ ክብደት አገኘ። የኢትዮጵያ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚነካካው በጎንደር በኩል ነው። በ2009 የወጣው የሽታዬ ዓለሙና የባልደረቦቿ ጥናት ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ታማሚዎች ብዙዎቹ ድሆች፣ ቀጫጮችና ወንዶች መሆናቸውን አሳይቶ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 የሰረዘው «ከምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር» የሚለው ምድብ እንደገና እንዲታይ ጠይቋል። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 «ዓይነት 5» በሚል ስም ተቀብሎታል። ይህ ከቆሽት ብግነት የተለየ ሕመም ነው፤ ሆኖም በልጅነቱ ያልጠገበ ቆሽት ምን ያህል ስስ እንደሚሆን ያስታውሳል።

ጠባሳው እንዴት ይፈጠራል

ከባሕር የሚፈለገው ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ሕዋስ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1998 በሲድኒና በጀርመኗ ኡልም የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች ኮከብ የሚመስሉትን የቆሽት ሕዋሳት ለይተው በቤተ ሙከራ አሳደጉ። እነዚህ ሕዋሳት በሰላሙ ጊዜ ቫይታሚን ኤ አከማችተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አልኮል፣ የኦክሲጅን መርዛማ ውጤቶችና ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባለው መልእክተኛ ፕሮቲን ሲደርሳቸው ግን ቫይታሚናቸውን ጥለው ይባዛሉ፣ ኮላጅን መፍተል ይጀምራሉ። ጠባሳው ያ ኮላጅን ነው። ስለዚህ አንድ ውህድ ተስፋ የሚጣልበት ከሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱን ከቻለ ነው፤ ትሪፕሲንና ጓደኞቹን ቢያስር፣ ብግነቱን ቢያበርድ ወይም ኮከብ መሳዮቹን ሕዋሳት መልሶ ቢያስተኛ።

ከባሕር የመጡት ዕጩዎች

በመረጃ ብዛት የሚቀድመው የዓሣ ዘይት ነው። በውስጡ ያሉት ረጃጅሞቹ ኦሜጋ 3 ቅባቶች፣ ኢፒኤና ዲኤችኤ፣ ሰውነት ብግነትን የሚያበርዱ መልእክተኞችን የሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች ናቸው። ኦሜጋ 3 በሰውነታቸው እንዲያመርቱ በዘር የተለወጡ አይጦች ቆሽታቸው በተቆጣ ጊዜ የደረሰባቸው ጉዳትና ጠባሳ ያነሰ እንደነበር በ2008 ተዘግቧል። የደም ትራይግሊሰራይድ ከ1000 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ አጣዳፊ የቆሽት ብግነት ስለሚያሰጋ፣ በሐኪም የሚታዘዝ የዓሣ ዘይት ያንን ለማውረድ ያገለግላል። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው፤ ነገር ግን የተልባው አጭሩ ዓይነት ስለሆነ ሰውነት ወደ ረጃጅሞቹ የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ እንቅፋት አለ። ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ያለበት ሰው አንዱ ዋና ችግሩ ቅባት አለማላም ነው። የዓሣ ዘይቱን ያለ ኢንዛይም ቢውጥ አብዛኛው ከሰገራው ጋር ይወጣል። ሳልሞንና ሽሪምፕን የሚያቀላው አስታዛንቲንና የቡናማ አልጌው ፉኮዛንቲንም በቅባት የሚሟሙ ቀለሞች በመሆናቸው መንገዱ ለእነሱም ጠባብ ነው። ሕመሙ መድኃኒቱ የሚገባበትን በር ቀድሞ ይዘጋል።

ፉኮይዳን በቅባት ባይሟሟም ሌላ ጣጣ አለበት። ስዊድናዊው ሃራልድ ሺሊን በ1913 ከቡናማ የባሕር አልጌ ያወጣው ይህ ሰልፈር ያዘለ ረጅም የስኳር ሰንሰለት በቤተ ሙከራ የቲጂኤፍ-ቤታን መልእክት ያዳክማል፣ በእንስሳት ጉበትና ኩላሊት ላይ ጠባሳን ሲቀንስ ታይቷል። ሞለኪዩሉ ግዙፍ ስለሆነ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው።

ከስፖንጆች መካከል ማኖአላይድ መጠቀስ አለበት። በ1980 ሉፋሪየላ ከተባለ የፓሲፊክ ስፖንጅ የተለየው ይህ ውህድ ፎስፎሊፔዝ ኤ2 የሚባለውን ኢንዛይም ያስራል። ይኸው ኢንዛይም ቆሽት በሚቆጣበት ጊዜ የሕዋሳትን ሽፋን ከሚያፈርሱት አንዱ ነው። ይሁንና ማኖአላይድ ለቤተ ሙከራ መሣሪያነት እንጂ ለመድኃኒትነት አልበቃም።

በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚገባቸው ሳያኖባክቴሪያ፣ በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባሉት፣ ናቸው። ከፍሎሪዳ ባሕር የተገኙት ሊንግባያስታቲን የሚባሉ ውህዶች የትሪፕሲን ጓደኞች የሆኑትን ኤላስቴዝና ኪሞትሪፕሲንን ያስራሉ፤ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖረው ማይክሮሲስቲስ የሚሠራቸው ዘመዶቻቸው ደግሞ ትሪፕሲንንም የሚያስሩ አሉባቸው። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ጃፓን ካሞስታት የተባለ ሰው ሠራሽ የትሪፕሲን ማሰሪያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለዚሁ ሕመም ስትሰጥ ኖራለች።

ሕመምን ብቻ ለማስታገስ የደረሰ አንድ የባሕር መድኃኒት አለ። ዚኮኖታይድ ኮን ከሚባለው መርዛማ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ባልዶሜሮ ኦሊቬራ በጀመሩት ጥናት የተገኘ የ25 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ቅጂ ሲሆን በ2004 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የሕመምን መልእክት የሚያስተላልፈውን የካልሲየም መተላለፊያ ይዘጋል፤ እንደ ሞርፊን ሰውነት አይለምደውም። የሚሰጠው ግን በፓምፕ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ነው፣ የአእምሮ መታወክም ሊያስከትል ይችላል። የተፈቀደውም ለጽኑ የቆየ ሕመም በጠቅላላው እንጂ ለቆሽት ተብሎ አይደለም።

ከአይጥ እስከ ሰው

በዚህ ዘርፍ የሚወጡ አብዛኞቹ ውጤቶች በሰሩሊን ከታመሙ አይጦች የተገኙ ናቸው። ሰሩሊን የቪቶሪዮ ኤርስፓመር ቡድን በ1960ዎቹ ከአውስትራሊያ አረንጓዴ እንቁራሪት ቆዳ ያገኘው ፔፕታይድ ነው፤ ለሳምንታት በተደጋጋሚ ሲወጋ የአይጥን ቆሽት አስቆጥቶ ጠባሳ ያስይዛል። ምቹ ዘዴ ነው። ግን አይጧ ዐሥራ አምስት ዓመት አረቄ አልጠጣችም፣ አላጨሰችም፤ ብዙ ጊዜም መድኃኒቱ የሚሰጣት ጠባሳው ገና ሲጀምር ነው። ሰው ሐኪም ፊት የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ቆሽቱ ጠጠር ካበጀ በኋላ ነው።

የፀረ ኦክሲደንቶች ታሪክም ጥንቃቄ ያስተምራል። በ2009 በዴልሂ 127 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ የቫይታሚንና ሴሌኒየም ድብልቅ ሕመምን እንደሚቀንስ አሳየ። በ2012 በማንችስተር የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ግን ምንም ልዩነት አላገኘም። የሁለቱ አገር ታማሚዎች በዕድሜም፣ በመጠጥም፣ በአመጋገብም አይመሳሰሉም ነበር። አስታዛንቲንን ወይም ሌላ የባሕር ቀለምን «ፀረ ኦክሲደንት ነው» ብሎ ብቻ ማሞገስ ይህን ልዩነት መርሳት ነው።

ሌላው ጣጣ ብዛት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ከ600 ኪሎ ግራም ስፖንጅ ያገኙት ሃሊኮንድሪን ቢ 12.5 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። ከእሱ የወጣው የካንሰር መድኃኒት ኤሪቡሊን በ2010 የተፈቀደው ኬሚስቶች ሞለኪዩሉን አሳጥረው ራሳቸው መቀመም ስለቻሉ ነው።

የኢትዮጵያ ጨዋማ ውሃዎች

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻዋን በ1993 ብታጣም ባሕርን የሚመስሉ፣ አንዳንዴም ከባሕር የከበዱ ውሃዎች አሏት። ከሻላ በስተደቡብ ያለው የጪቱ ሐይቅና ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ በሶዳ የከበዱ፣ ፒኤቻቸው ወደ 10 የሚጠጋ ናቸው። አርትሮስፒራ፣ በገበያ ስሙ ስፒሩሊና፣ በሁለቱም ይበቅላል። በ1973 የታተመ የእነ ጃክ ታሊንግ ጥናት የቢሾፍቱን አረንጓዴ ሐይቅ በዓለም ላይ ከፍተኛ የፎቶሲንተሲስ ምርት ከተመዘገበባቸው ውሃዎች መድቦታል፤ ኤልሳቤጥ ከበደ ደግሞ የጪቱውን ዝርያ የዕድገት ፍላጎት በ1996 አሳትማለች። ትንሹ ፍላሚንጎ ሮዝ ቀለሙን የሚያገኘው ይህንኑ አልጌ አጣርቶ በመብላት ነው። የስፒሩሊና ሰማያዊ ፕሮቲን ፊኮሳያኒን በእንስሳት ብግነትን ሲያበርድ ታይቷል፤ በሰው ቆሽት ላይ የተረጋገጠ ነገር የለም።

ከሐይቆቹ የወጡ ኢንዛይሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ጊዜ ተጠንተዋል። አማረ ገሠሠ ከሶዳ ሐይቆች ባክቴሪያ የለዩዋቸው ዛይላኔዞችና ፕሮቲኤዞች ሶዳና ሙቀት የማይበግራቸው ናቸው። ይህ ወደ አንድ ተጨባጭ ጥያቄ ያመራል። ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ያለበት ሰው በየምግቡ የሚውጠው የኢንዛይም መድኃኒት፣ ፓንክሪያቲን፣ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶም የእስልምናም ተከታዮች አሳማ በማይበሉበት አገር ሐኪሙ ይህን ሳይናገር መድኃኒቱን ማዘዝ አይገባውም። በአሜሪካ ከረቂቅ ሕዋሳት የተሠራው ሊፕሮታሜዝ የተባለ አማራጭ በ2011 ፈቃድ ተነፍጎታል። ታዲያ የሶዳ ሐይቅ ኢንዛይም ቦታውን ይይዛል? መልሱ ቀላል አይደለም። የታመመ ቆሽት አሲድ የሚያረክሰውን ባይካርቦኔት ስለማያፈስ የታማሚው ትንሹ አንጀት ከጤነኛው ይልቅ አሲዳማ ነው፤ ቅባት የሚያልመው የአሳማው ሊፔዝ እንኳ ፒኤቹ ከ4 በታች ሲወርድ ስለሚበላሽ አሲድ በማይነካው ሽፋን ተሸፍኖ ይሰጣል። ሶዳ የለመደ ኢንዛይም እዚያ አይመቸውም። በአሲድ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት ይሻላሉ፤ ለዚያ ዓይነቱ ፍለጋ የቀይ ባሕር ጨውና የኮራል ቅሪት ያለበት፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ደናክል ይቀርባል። እዚያው ደናክል ውስጥ ስላለው ዳሎል በ2019 ሁለት ቡድኖች የሚቃረን ነገር ጽፈዋል። አንደኛው እጅግ ደቃቅ ሕዋሳት አገኘሁ ሲል ሌላኛው በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም ብሏል፤ ዙሪያቸው ባሉት ለዘብ ባሉ ውሃዎች ግን ጨው ወዳድ ረቂቃን ሞልተዋል።

ናሙና ወደ ውጭ የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓ.ም.) መሠረት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሲገኝ ነው። ጥንቃቄው ተገቢ መሆኑን የጤፍ ታሪክ አሳይቷል። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው የጤፍ ስምምነት ለአገሪቱ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም ሳያስገኝ ቀርቶ፣ ኩባንያው በጤፍ ላይ ያወጣው ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 ነው።

ስፒሩሊና እያሉ በዱቄትና በእንክብል ለሚሸጡት ግን አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ክፍት ውሃ ላይ በቅሎ የተሰበሰበ ምርት በቆቃ ግድብና በጣና ከሚታየው ማይክሮሲስቲስ ጋር ከተቀላቀለ ጉበትን የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን ሊኖረው ይችላል፤ መርዙ ደግሞ በመፍላት አይጠፋም። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም የዓሣ ዘይት በብዛት ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት።