ፊልትሮ፣ ከፍታና የጎጃም መንገድ አቧራ

እ.ኤ.አ. በ1963 በጄኔቭ የመኪና ትርኢት ላይ መርሴዲስ ቤንዝ 230 ኤስ ኤል የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ለሕዝብ አሳየ። ተነቃይ ጣሪያዋ መሐሉ ጎድጎድ ያለ በመሆኑ «ፓጎዳ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላት። በዚያው ዓመት በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሥራውን ጀመረ። ሁለቱን የሚያያይዝ የታሪክ ክር የለም። ይሁን እንጂ የመኪናዋን ሞተር አሠራርና የጣና ዳርን ከፍታ ጎን ለጎን ያስተያየ መሐንዲስ፣ አሮጌ የኢንጀክሽን መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ለሚያነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ፋብሪካው የገጠመውን የአየር ፊልትሮ በሌላ መለወጥ ይበጃል ወይ ለሚለው፣ መልሱን ከዚያው ያገኘዋል።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ሲመጣ የአየር ፊልትሮ በሞተር ላይ የተለመደ ነገር አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ እየረዘመ ሄደ፤ አብዛኛው ግን ጠጠር ነበርና አቧራውም አብሮ ረዘመ። ያን ጊዜ ሞተሩን ይጠብቅ የነበረው ባለ ዘይት ፊልትሮ ነው። አየሩ በዘይት ላይ በድንገት ሲታጠፍ ከባዱ አቧራ መታጠፍ ተስኖት ዘይት ውስጥ ይሰጥማል፤ የቀረውን በዘይት የራሰ የሽቦ መረብ ይይዘዋል። ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራት መኪና ለብዙ ዓመታት በዚህ ዓይነት ፊልትሮ ሠርታለች። ሲቆሽሽ በቤንዚን ይታጠባል፣ ዘይቱ ይለወጣል፣ አለቀ። መለዋወጫ በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በኋላ የተስፋፋው የወረቀት ፊልትሮ ረቂቁን አቧራ በተሻለ ይይዛል፤ ግን አይታጠብም። በየጋራዡ በኮምፕሬሰር አየር እየተነፋ ተመልሶ ሲገጠም ወረቀቱ ይሰነጠቃል፤ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ የሚገባው አሸዋ ደግሞ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የፓጎዳዋ ሞተር 2.3 ሊትር፣ ጉልበቱም 150 የፈረስ ጉልበት ነበር። ቤንዚኑን የሚያድላት የቦሽ ሜካኒካል ፖምፕ ነው። ይህ ፖምፕ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር አይለካም፤ የሞተሩን ፍጥነትና የቤንዚን መስጫውን አከፋፈት ብቻ አይቶ መጠኑን ይወስናል። ከፍታን የሚያውቀው በላዩ በተገጠመ፣ በአየር ግፊት በሚሰፋና በሚጠብብ ካፕሱል ነው። ለዚህ ካፕሱል ከዓባይ ሸለቆ የበለጠ መፈተኛ ማግኘት ያዳግታል። ከጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ የሚወርደው፣ ከዚያም ወደ ደጀን መልሶ የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጉዞ የአየሩ ግፊት ከ75 ኪሎ ፓስካል ወደ 89 ይጠጋና እንደገና ይቀንሳል፤ ካፕሱሉም ከዚያው ጋር ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

ነገር ግን ካፕሱሉ የሚያየው የአካባቢውን አየር እንጂ ፊልትሮውን ያለፈውን አየር አይደለም። ስለዚህ ፊልትሮው በአቧራ ሲታፈን ፖምፑ ሳያውቅ የቀድሞውን ያህል ቤንዚን ይልካል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ትርፉ ቤንዚንም የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ያወርዳል። ፊልትሮው ከመጠን በላይ ክፍት በሆነ ሲለወጥ ደግሞ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ዲ ጄትሮኒክ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ በ1973 የተከተለው ኬ ጄትሮኒክ ደግሞ የሚገባውን አየር ራሱን ስለሚለኩ እንዲህ ያለውን ለውጥ በአመዛኙ ያስተካክሉታል። የፓጎዳዋ ፖምፕ ግን ከእነርሱ በፊት የተወለደ ነው።

ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከካሊፎርኒያ የተስፋፋው፣ ዘይት የጠጣ የጥጥ ፊልትሮ «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ ይሸጣል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ግፊቱ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል 101 ነበር። ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 30 የፈረስ ጉልበት ያህል፣ ገና ሳይነሣ አጥቷል። ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ የሚቀንሰው ጥቂት ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው፤ ክፍቱ ፊልትሮ ሊመልስ የሚችለውም ከዚያው ከጥቂቱ ገሚሱን ነው። የፋብሪካው ሣጥን ተጥሎ ፊልትሮው በኮፈኑ ሥር ራቁቱን ሲቀመጥ ደግሞ የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል፤ የ30 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ የአየሩን እፍጋት በ10 በመቶ ያህል ያወርዳል። አዲሱ ድምፅ ደስ እንደሚል አይካድም፤ የጎደለው ጉልበት ግን አልተመለሰም።

መለወጥ ግድ ከሆነ ሣጥኑ ባለበት ይቆይ፤ ወረቀቱም ስፋቱ ከቀድሞው የማያንስ፣ ጠርዙ ሣጥኑን አጥብቆ የሚይዝ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ካፕሱሉ ይመርመር፤ ዛሬ ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ ነውና፣ አየር አስገብቶ ለከፍታ መልስ መስጠት ካቆመ ባለቤቱ ጥፋቱን በፊልትሮው ላይ ያላክካል። የድብልቁ ማስተካከያ መኪናዋ በምትነዳበት ከፍታ ይደረግ፤ አዲስ አበባ ላይ ካፕሱሉ ሳይፈተሽ የተስተካከለ ሞተር ባሕር ዳር ሲደርስ ቤንዚን ያጥረዋል።