ዲዲቲ፣ ስቶክሆልምና የእናቶቻችን ወተት

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ አንዲትን ከተማ የሽልማትም የፍርድም አደባባይ ያደርጋታል። ለዲዲቲ ስቶክሆልም እንዲህ ያለች ከተማ ናት። በ1948 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት በማግኘቱ የኖቤልን የሕክምና ሽልማት የተቀበለው እዚሁ ነው። በ1970 ስዊድን ያንኑ ዲዲቲ ከከለከሉ የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ሆነች። በግንቦት 2001 ደግሞ በአካባቢ ለረጅም ዘመን የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚያግደው ዓለም አቀፍ ስምምነት በዚችው ከተማ ጸድቆ በስሟ ተጠራ። ኢትዮጵያም በ2003 አጸደቀችው።

በስቶክሆልም ደቡባዊ ደሴት በሶደርማልም ኑሯችንን የመሠረትን ስደተኞች ይህን ታሪክ የምናነሣው ለስዊድን ውዳሴ ለመድረስ አይደለም። አንድ መርዝ በሁለት አገሮች ሲገባ፣ አንዱ አገር ለሕዝቡ ምን ነገረ፣ ሌላውስ ምን አልተናገረም የሚለውን ለመጠየቅ ነው።

ሶደርማልም ዛሬ የቤት ዋጋዋ የማይቀመስ ቢሆንም፣ ትናንት የወዛደሮችና የድሆች ሰፈር ነበረች። በ1834 ኮሌራ ስቶክሆልምን ሲመታ ከ3,000 በላይ ነዋሪዎችን ፈጅቷል። የከተማዋ የመጀመሪያው የቧንቧ ውሃ ማጣሪያ በ1861 ሥራ የጀመረው በዚችው ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ በስካንስቱል ነው። ውሃው የሚሳበው ከአጠገቡ ከኦርስታቪከን ነበር። ኦርስታቪከን በከተማዋ ፍሳሽ እየተበከለ ሲሄድ ግን በ1904 ራቅ ብሎ በሜላረን ሐይቅ ዳር፣ በኑርስቦርይ፣ ሌላ ማጣሪያ ተከፈተ። የዚያ ዘመን ጠላት ጀርም ነበርና ውሃን በማጣራት፣ በማፍላት፣ ምንጩንም በመለወጥ ሊሸነፍ ቻለ።

ተከታዩ ክፍለ ዘመን ያመጣው ጠላት ግን ሌላ ጠባይ አለው። ዲዲቲና ዘመዶቹ ውሃ በማፍላት አይጠፉም፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብሱ ይቆያሉ። ስብ ወዳጅ በመሆናቸው ከጭቃ ወደ ትናንሽ ፍጥረታት፣ ከእነርሱ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሰው እየተከማቹ ይወጣሉ። በ1966 ስዊድናዊው ኬሚስት ሶረን የንሰን በዓሦችና በንስሮች አካል ውስጥ ዲዲቲን ሲፈልግ ፒሲቢ የተባለውን የፋብሪካ ኬሚካል አገኘ። የራሱን ቤተሰብ ፀጉር ሲመረምርም ያው መርዝ ከሕፃን ልጁ ፀጉር ሳይቀር ወጣ። ሕፃኗ ከእናቷ ጡት እንጂ ከሌላ ከየት ልታገኘው ትችላለች?

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስቶክሆልም እናቶች ወተት በየጊዜው እየተሰበሰበ ተመረመረ። ዲዲቲና ፒሲቢ ከታገዱ በኋላ በወተቱ ውስጥ ያለው መጠን ከዓመት ዓመት ወረደ። በአንጻሩ ለሶፋ ስፖንጅና ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች እሳት መከላከያ ተብለው የሚጨመሩት የብሮሚን ኬሚካሎች ከ1972 እስከ 1997 በየአምስት ዓመቱ እጥፍ ሲሆኑ ታዩ። ማንም ያልጠረጠረውን ከሶፋው ውስጥ የሚወጣ መርዝ ያጋለጠው የእናቶች ወተት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዲዲቲ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በክፋት እንዳልሆነ በሐቅ መመስከር ይገባል። በ1958 የወባ ወረርሽኝ እስከ ደጋማው አካባቢ ዘልቆ ወደ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ሲያጠቃ 150,000 ያህሉን ገድሏል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፋት አገልግሎት ተቋቋመ፤ የቤት ግድግዳ በዲዲቲ መረጨቱም የብዙ ሰው ሕይወት አተረፈ። የስቶክሆልም ስምምነት ራሱ ለወባ መከላከያ ሲባል ዲዲቲን ለይቶ የፈቀደው ስለዚህ ነው። ጥፋቱ የተጀመረው ለግድግዳ የመጣው መድኃኒት ወደ እህል ጎተራና ወደ ጫት ማሳ ሲሾልክ፣ ማንም ሳይቆጣጠረው ሲቀር ነው። ዲዲቲ በንጉሡ ዘመን፣ በደርግ ዘመን፣ በኢሕአዴግ ዘመንም ተረጨ፤ ትንኞቹ ስለተላመዱት የቤት ርጭቱ የቆመው በ2009 ገደማ ነው። መንግሥታት ወረዱ፤ የረጩት መርዝ ግን አብሯቸው አልወረደም።

ማስረጃውም አለ። በ2013 ለኅትመት የበቃ ጥናት ከጅማ፣ ከሰርቦና ከአሰንዳቦ እናቶች የተሰበሰበ ወተት መርምሮ፣ ሕፃናቱ በአማካይ በቀን የሚወስዱት ዲዲቲ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ካስቀመጡት ጣሪያ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሦች ውስጥም ዲዲቲ ተገኝቷል። መንግሥት ራሱ ዲዲቲን ያቀነባብርበት የነበረው የአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ የሚገኘው በዚያው በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በየመጋዘኑ ለአሥርት ዓመታት ሲያፈስስ የኖረ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ ጊዜ ያለፈበት ፀረ-ተባይ ተለቅሞ ለቃጠሎ ወደ ፊንላንድ ተጭኗል። ውጤቶቹ በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ታትመዋል። ወተቷን ለምርመራ ለሰጠችው እናት ግን በቋንቋዋ ማን ነገራት? (እናቶች ጡት ማጥባት እንዳያቆሙ አደራ እንላለን፤ የሐኪሞች ምክር አሁንም ማጥባት ነው። መቆም ያለበት የመርዙ ምንጭ ነው።)

ስዊድንም ከበደል ንጹሕ አይደለችም። በ2013 መጨረሻ በደቡብ ስዊድን በካሊንገ የቧንቧው ውሃ ከአየር ኃይል ሰፈር በፈሰሰ የእሳት ማጥፊያ አረፋ፣ ፒፋስ በሚባሉት የማይበሰብሱ ኬሚካሎች፣ ተበክሎ ተገኘ። ነዋሪዎቹ ተደራጅተው ከሰሱ። በታኅሣሥ 2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደም ውስጥ የተከማቸው ከፍተኛ የፒፋስ መጠን ራሱ የአካል ጉዳት ነው ሲል ፈረደላቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ መርዝ ሁሉም አገር አለ፣ የሚመረምር ቤተ ሙከራና የሚከሰስበት ችሎት ግን ሁሉም አገር የለም።

እስከዚያው በየቤታችን የምንችለውን እናድርግ። የፀረ-ተባይ ጄሪካን ቢታጠብም ውሃ ወይም ዘይት አይያዝበት። ለወባ የመጣ መድኃኒት እህል ላይ አይነስነስ፤ ፍሊት ምግብና ሕፃን ባሉበት አይረጭ። ከሰል በፌስታል አይቀጣጠል፤ ፕላስቲክና ቆሻሻ ሜዳ ላይ ሲቃጠል በስምምነቱ የተወገዘውን ዳይኦክሲን ይፈጥራልና። በውጭ የምንኖረውም የተፋቀ የማያጣብቅ መጥበሻ እናስወግድ፣ ውሃ አያስገባም እየተባለ በኬሚካል የተነከረ ልብስ ያለ ፍላጎት አንግዛ፣ አቧራን በእርጥብ ጨርቅ እንጥረግ። የስቶክሆልም ከተማ ከ2014 ጀምሮ ባወጣው የኬሚካል ዕቅድ ሶደርማልምን ጨምሮ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ያረጁ የፕላስቲክ መጫወቻዎችንና ፍራሾችን ማስለወጥ ጀመረ። በ2019 የወጣ ጥናትም ዕቃዎቹ በተለወጡባቸው ክፍሎች አቧራ ውስጥ የመርዙ መጠን መቀነሱን አረጋግጧል። ውሃችን በፒፋስ የተጠረጠረ ከሆነ ማፍላት አይጠቅምም፤ በወቅቱ የሚለወጥ የከሰል ማጣሪያ ግን ይረዳል።

ሆኖም የግል ጥንቃቄ የመንግሥትን ግዴታ አይተካም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት በአንቀጽ 9 የሰውንና የአካባቢን ጤና የሚመለከት መረጃ ምስጢር ሊሆን እንደማይችል፣ በአንቀጽ 10 ደግሞ ለሕዝብ ሊደርስ እንደሚገባ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 በጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት አውጇል። እንግዲህ ጥያቄያችን አዲስ ሕግ ይውጣልን የሚል አይደለም። ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለውም፣ ነገ የሚመጣውም መንግሥት የእናቶችን ወተት፣ የሐይቆቻችንን ዓሣና የቧንቧ ውሃችንን በየጊዜው ያስመርምር፤ ውጤቱንም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ለሕዝብ ይግለጽ ነው የምንለው። አገር ቤት ያላችሁ ወገኖቻችን በየቀበሌያችሁና በየጤና ጣቢያችሁ ጠይቁ፤ እኛም በያለንበት ድምፃችሁን እናስተጋባለን።