ማደንዘዣ

«ማደንዘዣ» የሚለው ቃል በንግግር ከ«ሰመመን» ጋር ይምታታል። ሰመመን ሰውን ያስተኛል፤ ማደንዘዣ ደግሞ በጠባብ ትርጉሙ አንድን የአካል ክፍል ብቻ ያደነዝዛል። የጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ሁለቱንም ሊያገኝ ይችላል፦ ለቀዶ ሕክምናው ሰመመን፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሕመም የነርቭ ማደንዘዣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተዋወቀ አንድ የነርቭ ማደንዘዣ ዘዴ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ፣ አከርካሪን ቀጥ አድርጎ በሚይዘው ጡንቻና ከሥሩ ባለው የአጥንት ጉጥ መካከል እንደ ቡፒቫኬይን ያለ መድኃኒት ይወጋል። ፈሳሹ ወደ ላይና ወደ ታች ተሰራጭቶ ነርቮቹ የሕመም መልእክት እንዳያደርሱ ያግዳል። ታካሚው የሚያስፈልገው ሞርፊን ሲቀንስ ሞርፊኑ የሚያስከትለው ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀትም ሊቀልለት ይችላል። የነርቭ ማደንዘዣው ኃይል ግን ከሰዓታት ስለማያልፍ ከሌሎች ማስታገሻዎች ጋር እንጂ ለብቻው አይታሰብም።